ከወለሉ ስር የቀረው በርበሬ

ኦክላንድ ያለው ቤታችን በዓመት አንድ ቀን ሁላችንንም በተራ ያስነጥሰን ነበር። ቀልድ አይደለም። ኅዳር ገባ ሲል፣ ከባሕሩ የሚመጣው ጉም ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ መለጠፍ ሲጀምር፣ ማሞቂያው ከረጅም እረፍቱ ተነስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ይለኮሳል። ከወለሉ ስር አንድ ነገር ጓ ይላል። ቱቦው ይንቋቋል። ትንሽ ቆይቶ በየክፍሉ ወለል ላይ ካሉት የብረት ፍርግርጎች ሞቅ ያለ አየር መውጣት ይጀምራል፤ ከአየሩም ጋር የበርበሬ ሽታ ይወጣል።

በርበሬው የሚስቴ ነው።

ሚስቴ የሱቅ በርበሬ አታምንም ነበር። "ሸክላ ፈጭተው ነው የሚሸጡልን" ትላለች፤ ማን እንደፈጨው፣ የት እንደፈጨው ስትጠየቅ ግን ወሬውን ወደ ወጡ ታዞረዋለች። ስለዚህ በየዓመቱ ፍሩትቬል ካሉት የሜክሲኮ ሱቆች ደረቅ ዛላ በርበሬ ትገዛለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ታጥባለች፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር በማሽን ትፈጫለች። ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። የኦክላንድ ፀሐይ እስከ እኩለ ቀን ጉም ውስጥ ትተኛለች፤ ተነስታ ገና ሞቅ ሳትል ደግሞ ንፋሱ ይመጣል። የመጀመሪያውን ዓመት ጓሮ አሰጣችው፣ ሻገተባት። በሁለተኛው ዓመት ሽኮኮዎች መጥተው እየቀመሱ፣ እየደነገጡ፣ በየአጥሩ ስር በተኑት። ያን ቀን ሚስቴ ሽኮኮ ስትሳደብ የሰማ ጎረቤት እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል።

አንድ ጠዋት ምግብ ቤቱ፣ ቤተሰቡ የሚበላበት ክፍል፣ ወለል ላይ ባለው ፍርግርግ ላይ ቆማ እግሯን ስታሞቅ አገኘኋት። ቀሚሷ አየር ገብቶበት ዙሪያውን ተነፍቷል። ዓይኗ በራ። "አንተ! ፀሐይዋ እቤታችን ተቀምጣ ነው እንዴ እኔ ጓሮ ለጓሮ የምንከራተተው?" አለችኝ።

ሁለት ወንበር ግራና ቀኝ አቆመች። የምድጃውን የሽቦ መደርደሪያ አጋደመችባቸው፣ ስስ ሻሽ አነጠፈችበት፣ በርበሬውን አሰጣችው። እኔ "ቤቱን ልታቃጥዪው ነው" ብዬ ጮኽኩ። እሷ "አንተ መኪናህን ንዳ" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን በርበሬው እንደ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ወዲያ ጓሮ የሚባል ነገር ቀረ፤ በየዓመቱ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ፍርግርጉ ላይ፣ በርበሬዋን ታሰጣለች። እኛም ዙሪያውን በጠርዝ በጠርዝ እየሄድን እንበላለን።

ሻሹ ስስ ነው፣ የሚስቴ እጅ ደግሞ ፈጣን ነው። ባገላበጠች ቁጥር ፍሬው፣ ቅርፊቱ፣ ብናኙ በፍርግርጉ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። "ቫኩም አደርገዋለሁ" ትላለች፤ እጇ እስከሚደርስበት ድረስም ታደርገዋለች። የቀረው ቱቦው ውስጥ ይቀመጥና፣ በጋውን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ፣ በዓመቱ ማሞቂያው ሲለኮስ ይነሳል።

ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። መጀመሪያ የሚያስነጥሳት ልጄን ነው፣ ምክንያቱም የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች እንደ እናቷ ፍርግርጉ ላይ ትቆማለች። ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ሚስቴ ከወጥ ቤት እየሳቀች "ይማራችሁ!" ትላለች፣ ሁለታችንንም በአንድ ቃል። እኔም በልጄም በራሴም ስም "ያኑርሽ!" ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ እሷንም ያስነጥሳታል፣ እንደገና እንጀምራለን። ሌላው ሰው ብርዱ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እኛ ቤት ብርዱ የሚገባው እንዲህ ነበር።

ሚስቴ ካረፈች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሕመሟ ፈጣን ነበር፤ በሚያዝያ ደከመኝ አለች፣ በሐምሌ ቀበርናት። ለቅሶው ላይ ከሳክራሜንቶም ከሪችመንድም ሰው መጣ፣ ቤቱ ሞላ፣ ጫማ መረማመጃ አሳጣን። ከዚያ ቤቱ ባዶ ሆነ። ልብሶቿን የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ለሚያስፈልጋቸው ሰጡልኝ፤ ራሴ እሺ ብዬ ነው የሰጠሁት፣ በኋላ ግን አንድ ሹራብ እንኳ አለማስቀረቴ ቆጨኝ። ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ብልቃጥ በርበሬዋ ነበረ። ብልቃጧን እንደ መድኃኒት እየቆነጠርኩ አንድ ዓመት አቆየኋት። አለቀች።

ከዚያ በኋላ የእሷ የሆነ የቀረኝ ነገር ከወለሉ ስር ያለው ብቻ ነው። በዓመት አንድ ጠዋት፣ ማሞቂያው ሲለኮስ፣ ወንበር ስቤ ፍርግርጉ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሽታው ይመጣል። ያስነጥሰኛል። ከወጥ ቤት በኩል ድምፅ የምጠብቅ ይመስል ጆሮዬን አቆማለሁ። ይህን ለማንም አላወራሁም። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ምን ብዬ ነው የማወራው?

አንድ ሌላ ነገር አለ። ያን ሁሉ ዓመት "ያኑርሽ" ስላት ኖሬ፣ አልኖረችም። ከቀብሯ በኋላ ቃሉ አፌ ውስጥ መረረኝ። መልሱ ያው "ያኑርህ" ነውና፣ ሰው ሲያስነጥሰው "ይማርህ" ማለትም ተውኩ፤ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ በእንግሊዝኛ "ብለስ ዩ" ብዬ አልፋለሁ። ልጄ መጀመሪያ የሰማች ቀን ቀና ብላ አየችኝና "ታንክ ዩ" አለችኝ።

አሁን ወደ ቱቦው ልመለስ። ብዙ ዓመት ሰው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሳመላልስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ፣ ሞተር ሲታመም በድምፁ አውቃለሁ። የመኪናዬን ፊልትሮ አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ስለዚህ ቤቱ ምን እያለኝ እንደነበረ አልገባኝም ብል ውሸት ነው። የመጋረጃው ጫፍ፣ ፍርግርጉ አጠገብ ያለው፣ ጥቁር መስመር አውጥቷል። ጠረጴዛውን ማታ ጠርጌው ጠዋት በጣት የሚጻፍበት አቧራ ይዞ ይጠብቀኛል። በአካባቢው ደኖች የተነሳው የሰደድ እሳት ጭስ ከተማውን ካለበሰበት ጊዜ ወዲህ የማሞቂያው ፊልትሮ አዲስ በከተትኩ በማግስቱ የጋራዥ ጨርቅ ይመስላል። የጓዳው ክፍል፣ ልጄ ያደገችበት፣ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ቢያጓራም አይሞቅም፤ እዚያ ያለው ፍርግርግ ላይ እጄን ሳስቀምጥ የሚደርሰኝ ትንፋሽ ብቻ ነው። የሌላ ሰው መኪና እንዲህ ሆኖ ባየው "ዛሬውኑ ጋራዥ አስገባው" እለው ነበር።

አንድ ጊዜማ ደውያለሁ። ቱቦ ጠራጊ ድርጅት ጋ። ስልኩን ያነሳው ሰው ጨዋ ነው፤ ትልቅ መሳቢያ ማሽን ይዘው እንደሚመጡ፣ በየፍርግርጉ ብሩሽ እንደሚያስገቡ፣ ማሞቂያውንም ከፍተው እንደሚያዩ አስረዳኝ።

"ቱቦው ውስጥ ካለው ምን ያህሉን ታወጣላችሁ?" አልኩት።

"ሁሉንም፣ ጌታዬ" አለኝ፣ ኩራት ባለው ድምፅ። "ምንም አይቀርም።"

አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ የልጅ ልጄ መጣች። ልጄና ባሏ ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት። እሷ ሆስፒታል ትሠራለች፣ ቅዳሜ ተረኛ ናት፤ ባሏም ቅዳሜ ማውንቴን ቪው ሥራ አለው። ስለዚህ ሕፃኗ መራመድ ከመጀመሯ በፊት ጀምሮ ቅዳሜ የኔ ነበረች። ጠዋት እናቷ ታደርሳታለች፣ ማታ ትወስዳታለች። ከሚስቴ ሞት ወዲህ ቀን የሚባል ነገር ያለኝ በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር፤ እሱም ይኸው ነው። ገንፎ አበላታለሁ፣ ጓሮ ወስጄ ሽኮኮ አሳያታለሁ፣ እሷ ደግሞ "ባባ" እያለች ከክፍል ክፍል ትጎትተኛለች። ስትተኛ ደረቴ ላይ ነው የምትተኛው፣ እኔም አልንቀሳቀስም፤ እግሬ ደንዝዞ የራሴ መሆኑ እስኪጠፋኝ ድረስ።

ደረቷ ግን ደካማ ነው። ብርድ ሲነካት፣ አቧራ ሲያገኛት ትንፋሿ ያፏጫል። ሐኪሟ በትንሽ ጭምብል የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቷታል፤ እናቷ ከቦርሳዋ አትለየውም። በጥቅምት ልጄ በስልክ ጠየቀችኝ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምናወራው እንዲህ ነው፣ እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ።

"አባዬ፣ የቤቱ ቱቦ የተጠረገው መቼ ነው?"

"ቤቱ ንጹሕ ነው" አልኳት።

"ስለ ቤቱ አይደለም የጠየቅኩህ።"

"ፊልትሮውን እቀይራለሁ። አንቺ እዚሁ ቤት አይደለም እንዴ ያደግሽው? ምን ሆንሽ?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ፣ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰድኩት።

በዚያ ዓመት ብርዱ ቀድሞ መጣ። ማሞቂያውን ግን አለኮስኩትም። ቤት ውስጥ ጃኬት ለብሼ ሳምንቱን ሙሉ ተቀመጥኩ፣ ቅዳሜን እየጠበቅኩ። ባለፈው ኅዳር ሕፃኗ በእቅፍ ያለች ጨቅላ ነበረች፤ ዘንድሮ ቆማ ትሄዳለች፣ የሸተታትን ነገር ሁሉ አፍንጫዋን ጨምድዳ ታሸታለች። አያቷን አላየቻትም። ፎቶ አሳይቻታለሁ፣ ፎቶ ግን ወረቀት ነው። ሽታዋን ላሳያት ፈለግኩ። ይኼው ነው ሐሳቤ፤ ከዚህ ሌላ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሕፃኗን ይዛ ገባች፣ ጃኬቴን አየች፣ "ለምንድነው ቤቱ እንዲህ የቀዘቀዘው?" አለች። "አሁን ይሞቃል፣ ትንሽ ቆዪ" ብዬ ለኮስኩት። ከስር ጓ አለ፣ ቱቦው ተንቋቋ። ሕፃኗን ይዤ ምግብ ቤቱ ፍርግርግ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ሞቅ ያለው አየር ፊቷን ሲነካት ሳቀች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሽታው መጣ። ያስነጥሳት ጀመር፤ አንዴ፣ እንደገና። በደስታ ሳቅኩ። ከኋላዬ ልጄንም አስነጠሳት። "ብለስ ዩ" አልኳት ዞር ሳልል።

ከዚያ ማስነጠሱ ወደ ሳል ተቀየረ። ሳሉ አልቆም አለ። ሕፃኗ አየር ልትስብ ስትሞክር ደረቷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ፉጨት ነው፤ ዓይኗ ፈጦ እኔን ነው የምታየው። ልጄ ከእጄ ነጠቀችኝና በበሩ ወጥታ ደረጃው ላይ፣ ጉሙ ውስጥ ተቀመጠች። ጭምብሉን ፊቷ ላይ አደረገችላት። "ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ" ትላታለች በእንግሊዝኛ፣ ድምጿ እንደ ወትሮው ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኛል። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ከንፈሯ መልኩን ያዘ፣ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። እኔም ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ።

ልጄ የሕፃኗን ጀርባ እያሻሸች ተናገረች።

"አባዬ፣ ይኼ እስኪጠረግ ድረስ እዚህ አላመጣትም።"

"ትንሽ መስኮት ብንከፍት..."

"አባዬ።"

ሰው ሲፈራ ይቆጣል፤ እኔ በተለይ። "በዚህ ቤት አድገሽ ምን ሆንሽ? እናትሽ ገደለችሽ?" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ልጄ ዓይኔን አየችው፣ ሕፃኗን መኪና ውስጥ አስገባችና ለሥራዋ ደውላ ወደ ሐኪም ይዛት ሄደች። ማታ "ደህና ናት" የሚል መልእክት ላከችልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቅዳሜዎች ሌላ ሰው የሚያግዛቸው ሆኑ። እኔ ከሰዓት በኋላ መኪናዬን አስነስቼ ሳን ሆዜ እወርዳለሁ፣ አፓርታማቸው ውስጥ ሶፋው ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። ልጄ ከሥራ ትመጣለች፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አትቆጣኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ቱቦው አንነጋገርም። እቤቴ ስመለስ ማሞቂያውን አልለኩስም፤ ብለኩሰው ሽታው ያልቃል ብዬም ሳሳሁ፣ የሕፃኗ ፉጨት ጆሮዬ ውስጥ ስለቀረም ጠላሁት። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እዚያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ ልወጣ ስነሳ ሕፃኗ ወደ በሩ ሮጠች። ጫማዋን ከመደርደሪያው ስባ አወረደች፣ ሁለቱንም ደረቷ ላይ አቅፋ አመጣችና ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። "ባባ" አለች። ቅዳሜ ማለት የባባ ቤት ማለት ነው፤ ጫማ አድርጉልኝና እንሂድ ነው የምትለው። እናቷ መጥታ አቀፈቻት፣ ጫማውን ከእጇ ለመውሰድ ስትሞክር አለቀሰች። እኔ ደህና ሁኑም በቅጡ ሳልል ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ቁልፉን ሳላዞር፣ ለዚያ የቱቦ ጠራጊ ድርጅት ጨዋ ሰው ደወልኩለት።

ጠራጊው የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ልጄ ያን ቀን እረፍት ወስዳ ሕፃኗን ለባሏ ትታ መጣች፤ ነግሬያት ነበር፣ "እመጣለሁ" አለችኝ። ጠራጊው የሪችመንድ ልጅ ነው፣ ደልደል ያለ፣ ቀልድ የሚወድ። ደጅ የቆመው መኪናው ውስጥ ያለው ማሽን የአህያ ሆድ የሚያክል ቱቦ አለው። ከስር ገብቶ ማሞቂያውን አየ፣ ተመልሶ ወጣ። በየፍርግርጉ በባትሪ አየ። ምግብ ቤቱ ጋ ሲደርስ ፍርግርጉን አንስቶ ፊቱን አስጠጋ፣ ወዲያው ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ አስነጠሰው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ይኼ ምንድነው? ሚጥሚጣ ነው?" አለኝ በእንግሊዝኛ፤ እሱ የጠራው የሌላ የሚያቃጥል በርበሬ ስም ነው፣ ሚጥሚጣ ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

"የሚስቴ ነው" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ትንሽ ኮራሁ፤ ሞታም ጎረምሳ ታስለቅሳለች።

የማሽኑን ቱቦ ሊያስገባ ሲል ወደ ጎን ጠራሁት። ልጄ ወጥ ቤት ናት ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ሌላውን ሁሉ ጥረገው። ይኼን፣ የምግብ ቤቱን ብቻ ተውልኝ" አልኩት።

"ሁሉም እኮ አንድ ቱቦ ነው፣ ጌታዬ። አንዱን ከተውኩ ያው ተመልሶ በሁሉም ይወጣል።"

"ትንሽ ብትተውልኝስ?"

ሰውየው ከትከሻዬ በላይ አየ። ዞር ስል ልጄ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

አሁን መደበቅ የለም አልኩ። "እናትሽ እዚያ ውስጥ ናት" አልኳት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነብኝ፣ አፈርኩ። "ሌላ የቀረኝ ነገር የለም። እወቂልኝ ብዬ ነው እንጂ ልጅሽን ጠልቼ አይደለም።"

ልጄ መጥታ ፍርግርጉ አጠገብ ተንበረከከች። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"አንተ ብቻ ይመስልሃል?" አለችኝ። "በየዓመቱ ብርዱ የገባ ሰሞን ለምን የምመጣ ይመስልሃል? ማሞቂያው ይሠራል ወይ ብዬ? እኔ ስለ ማሞቂያ ምን አውቃለሁ?"

አስታወስኩ። እውነቷን ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በየኅዳሩ አንድ ቀን ድንገት ትመጣ ነበር፣ አንዴ ኮት ረሳሁ ብላ፣ አንዴ መንገዴ ነው ብላ። ገብታ ምግብ ቤቱ ውስጥ ትቆማለች፣ ያስነጥሳታል፣ እኔ "ብለስ ዩ" እላታለሁ፣ ትሄዳለች። ብቻዬን እያዘንኩ መስሎኝ ለካ አንድ ሽታ ላይ ሁለታችን በየፊናችን ስንሳለም ኖረናል። እሷ ደግሞ ይህን ሽታ ነው፣ ለልጇ ስትል፣ ጥረገው ያለችኝ። እኔ ሚስቴን እንዳጣሁ እሷም እናቷን አጥታለች፤ ይህን ያን ቀን ነው ያሰብኩት።

ጠራጊውን "ትንሽ ጊዜ ትሰጠናለህ?" አለችው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ቡናውን ይዞ ደጅ ወጣ። ልጄ ራሷ ሄዳ ማሞቂያውን ለኮሰችው። ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ እንደ እሳት ዳር። ጓ አለ። ተንቋቋ። አየሩ መጣ፣ ሚስቴም መጣች፤ ነጭ ሽንኩርቷ፣ ዝንጅብሏ፣ የጣቷ ጫፍ። ልጄን አስነጠሳት። "ይማርሽ" አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እኔንም አስነጠሰኝ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ሁለታችንም በርበሬው ነው አልን። ከዚያ ልጄ ተነስታ አጠፋችው፣ በሩንም ከፍታ "ግባ" አለችው።

ማሽኑ ሲነሳ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ጓሮ ወጥቼ ሽኮኮዎቹን ሳይ ቆየሁ። ብሩሹ ከቱቦው ጋር ሲፋተግ እዚያ ድረስ ይሰማል። ሲጨርስ ጠራጊው ጠርቶ የሰበሰበውን ከረጢት አሳየኝ፤ ድፍን ጥቁር አቧራ፣ የሰደድ እሳቱ አመድ፣ ልጄ ሕፃን ሳለች የጣለችው የቀለም እርሳስ፣ በመካከሉ ቀይ ቀይ። የጓዳው ክፍል ያልሞቀው ቱቦው ተላቅቆ አየሩን ከወለሉ ስር እየበተነ ስለነበረ ነው፤ እሱንም አሰረልኝ። ከረጢቱን አስሮ ወሰደው። ልከለክለው አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሕፃኗ ጫማዋን ራሷ ይዛ ገባች። እናቷ ሥራ እስክትገባ ጊዜ ነበራት፣ ቆየች። ማሞቂያውን ለኮስኩት። ጓ አለ፤ ቱቦው ግን እንደ ዱሮው አልተንቋቋም፣ ድምፁ ለስልሷል። ሕፃኗ ወደ ፍርግርጉ ሮጠችና ላዩ ላይ ቆመች። ቀሚሷ አየር ገብቶበት ዙሪያውን ተነፋ። ሳቀች። ልጄ መድኃኒቱን በእጇ ይዛ ደረቷን ታያለች፣ እኔም ደረቷን አያለሁ። ትንፋሿ ፀጥ ያለ ነው። አየሩ የሚሸተው ሞቅ ያለ ብረት ብቻ ነው። ማንንም አላስነጠሰም። ቤቱ ዝም አለ፣ ዝምታው እስከ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

ልጄ መድኃኒቱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ጫማዋን አወለቀች፣ ፍርግርጉ ላይ ከልጇ ጎን ቆመች። አየችኝና፣ አፍንጫዋን ይዛ፣

"እጥሺ!" አለች።

የውሸት ነው፤ ሕፃን እንኳ የማያታልል። አጎንብሳ ሳትስቅ ጠበቀችኝ። ሕፃኗም ቀና ብላ አየችኝ። ሁለቱም ይጠብቁኛል።

"ይማርሽ" አልኳት። "ይማርሽ፣ የኔ ልጅ።"

"ያኑርህ፣ አባዬ" አለችኝ። በአማርኛ።

"እሺ!" አለች ሕፃኗ ወዲያው፣ እንደ እናቷ ልታስነጥስ አፍንጫዋን በሙሉ እጇ ጨብጣ። እሷንም ይማርሽ አልኳት። መልሱን አታውቀውም፤ እናቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ውስጥ ነገረቻት።

"ያኑ" አለችኝ፤ የቀረውን እናቷ ጨረሰችላት።